ከግሮስ እስከ ኔት፦ የሥራ ግብር፣ ጡረታና የሂሳብ መዝገብ

በኢትዮጵያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በወሩ መጨረሻ እጁ የሚገባው ብር በውሉ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ነው። በውሉ ላይ ያለው ያልተጣራ ደመወዝ፣ በተለምዶ ግሮስ የሚባለው ነው። ከእሱ ላይ መጀመሪያ የሥራ ግብር ይነሳል፤ ቀጥሎ የጡረታ መዋጮ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደየመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የዕድር ወይም የብድር ተቀናሽ ይከተላል። የቀረው የተጣራ ደመወዝ ወይም ኔት ነው። አብዛኛው ሠራተኛ የሚከታተለው ይህን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው። ሂሳብ ክፍል ቢሳሳት፣ ወይም አሠሪው የቀነሰውን ጡረታ ሳያስገባ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሰውየው ጡረታውን ሊያስከብር ሲሄድ ነው። ስሌቱ ግን ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር የሚያልቅ ሥራ ነውና ማንም ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል።

የሥራ ግብርን ማስላት

ከሁሉ በፊት መሠረታዊ ደመወዝንና አበልን መለየት ያስፈልጋል። መሠረታዊ ደመወዝ በየወሩ ለሥራው የሚከፈለው ቋሚ ክፍያ ነው። የቤት፣ የኃላፊነት፣ የስልክ፣ የትራንስፖርትና የመሳሰሉት አበሎች ለብቻቸው ይጻፋሉ። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። ግብር የሚሰላው ከደመወዙም ከአበሉም ላይ ነው፤ ከግብር ነፃ የሚሆኑት ሕጉ ለይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጣሪያ አስቀምጦ የፈቀዳቸው አበሎች ብቻ ናቸው። ጡረታ የሚሰላው ግን ከመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ ግብር ይነሳበታል እንጂ ለጡረታ አይቆጠርም።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ፣ ቁጥር 1395/2017፣ የወር ገቢን በስድስት መደብ ይከፍላል። እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ግብር የለበትም። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። በቀድሞው አዋጅ፣ በ979/2008፣ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር፤ 35 በመቶውም የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር።

ስሌቱ የሚሄደው በደረጃ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነና ሌላ አበል የሌለው ሠራተኛ ቢወሰድ፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ 300 ብር ያመጣል። ከእሱ በላይ ያለው 3,000 በ20 በመቶ 600፣ ሌላው 3,000 በ25 በመቶ 750፣ የቀረው 2,000 በ30 በመቶ 600 ብር ይሆናል። ድምሩ 2,250 ብር ነው። ሂሳብ ክፍሎች ይህን ሁሉ ሳይሄዱ በአቋራጭ ይሠሩታል፦ ጠቅላላው ገቢ ባረፈበት መደብ ምጣኔ ይባዛል፤ ከዚያ ለመደቡ የተወሰነው ተቀናሽ ይነሳል። ተቀናሾቹ ከ15 በመቶው መደብ ጀምሮ እንደየቅደም ተከተላቸው 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው። 12,000 በ30 በመቶ 3,600 ነው፤ 1,350 ሲነሳለት ያው 2,250 ይመጣል። በሁለቱም መንገድ ሠርቶ እኩል መምጣቱን ማየት የስሌቱን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴ ነው። በቀድሞው አዋጅ ይህ ሠራተኛ 2,700 ብር ይከፍል ነበርና ማሻሻያው በወር 450 ብር አስቀርቶለታል።

ከ12,000 ብር 7 በመቶ ለጡረታ፣ ማለትም 840 ብር ይነሳል። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመነሳቱ በፊት ባለው ሙሉ ገቢ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ብዙዎች ጡረታውን አስቀድመው ቀንሰው ግብሩን ሲያሰሉ ከደመወዝ መክፈያ መዝገቡ (ፔይሮሉ) ጋር አልገጥም ይላቸዋል። የተጣራው 8,910 ብር ነው።

በሠራተኛው መካከል ሥር የሰደደ አንድ ስህተት አለ፦ የደመወዝ ጭማሪ «ወደ ላይኛው መደብ ያስገባና የተጣራውን ይቀንሳል» የሚል። ይህ ሊሆን አይችልም። 14,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 2,850፣ ጡረታው 980፣ የተጣራው 10,170 ብር ነው። 500 ብር ተጨምሮለት 14,500 ሲሆን ወደ 35 በመቶው መደብ ይገባል፤ በ35 በመቶ የሚታሰበው ግን የተጨመረው 500 ብር ብቻ ነው። ግብሩ 3,025፣ ጡረታው 1,015፣ የተጣራው 10,460 ይሆናል። ከ500 ብሩ 290 ብር ቤት ገብቷል። ጭማሪው በግማሽ ሊጠጋ መቆረጡ ያስቆጫል፤ ቢሆንም ዕድገትን ወይም ጭማሪን በዚህ ምክንያት ማስቀረት ራስን መጉዳት ነው።

ግብሩን ቀንሶ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስገባው አሠሪው ነው፤ ጊዜውም ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ነው። ሠራተኛው ከሥራ የሚያገኘው ገቢ ብቻ ከሆነ የሚጠበቅበት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን ነምበር ማውጣትና ቁጥሩ በፔይሮሉ ላይ በትክክል መስፈሩን ማየት ነው። ቤት አከራይቶ ወይም ጎን ለጎን ነግዶ የሚያገኘው ገቢ ግን በሌላ ሠንጠረዥ የሚታይ፣ ራሱ ቀርቦ የሚያስታውቀው ነው። በሕጉ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ ሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ገቢ ሠንጠረዥ «ሐ» ይባላል። ይህን ከነጋዴዎች ደረጃ «ሀ» እና ደረጃ «ለ» ጋር ማምታታት የተለመደ ነው፤ ሠንጠረዡ የገቢውን ዓይነት፣ ደረጃው የነጋዴውን መጠን ይናገራል።

ጡረታው ከየት ይመጣል

በመንግሥትም ሆነ በግል ድርጅት የሚሠራ ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። የ12,000 ብሩ ሠራተኛ 840 ብር ሲቀነስበት አሠሪው 1,320 ብር ያክልና በወር 2,160 ብር በስሙ ወደ ጡረታ ፈንድ ይገባል ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር አቀፍ ደረጃ የጡረታ ሽፋን ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ 715 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ድርጅቶች የነበራቸው ፕሮቪደንት ፈንድ ነበር፤ አዋጁ ሲወጣም በዚያው ለመቀጠል የፈለጉ ሠራተኞች እንዲመርጡ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ፕሮቪደንት ፈንድ ሥራ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ጡረታ ግን ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚመጣና ባለመብቱ ሲሞት ለቤተሰብ የሚተላለፍ ገቢ ነው። ሥራ በቀየሩ ቁጥር ፕሮቪደንቱን አውጥቶ መጨረስ ቀላል በመሆኑ፣ ለእርጅና ሲባል ሁለቱ አይተካኩም።

መውጫው ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ዓመት ነው። የሚቆጠረው የልደት ቀን ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው ቅጽ ላይ የሰፈረው ስለሆነ፣ ያን ቅጽ በጥንቃቄ መሙላት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። ወርሃዊ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ያን ያልሞላ ሰው ወርሃዊ አበል አይቆረጥለትም፤ ዳረጎት የሚባለውን የአንድ ጊዜ ክፍያ በሕጉ መሠረት ይጠይቃል። ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ሠርቶ ለመውጣት የሚያስብ ሰው የጎደሉትን ወራት ቆጥሮ ቢወስን ይሻለዋል።

የጡረታው መጠን የሚወጣው ከሁለት ነገር ነው፦ ከአገልግሎት ዓመቱና ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካዩ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለወታደርና ለፖሊስ የሚጨመረው ምጣኔ ከፍ ያለ ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከአሥሩ በላይ 15 ዓመት አለው፤ 15 በ1.25 ሲባዛ 18.75 ነው፤ ከ30 ጋር 48.75 በመቶ ይሆናል። አማካይ ደመወዙ 12,000 ከሆነ ጡረታው 5,850 ብር ነው። 70 በመቶው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ያላቋረጠ ሰው ብቻ ነው የሚደርስበት።

ደመወዝ ሲደራደሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በወር 14,000 ብር ግሮስ አላቸው። የአንደኛው ሙሉውን መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ የሁለተኛው 8,000 ብር ደመወዝና 6,000 ብር ግብር የሚነሳበት አበል ነው። ግብራቸው እኩል 2,850 ብር ነው። አንደኛው ጡረታ 980 ተቀንሶ 10,170 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛው 560 ብቻ ስለሚቀነስበት 10,590 ይደርሰዋል። በእጅ ላይ 420 ብር በልጦ ሁለተኛው የተጠቀመ ይመስላል። ሁለቱም በዚሁ ደመወዝ 25 ዓመት አገልግለው ቢወጡ ግን የአንደኛው ጡረታ በወር 6,825 ብር፣ የሁለተኛው 3,900 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ በአበሉ ላይ 11 በመቶ ባለማዋጣቱ በየወሩ 660 ብር አትርፏል። ደመወዝን ዝቅ፣ አበልን ከፍ አድርጎ መዋዋል በብዙ ድርጅቶች የተለመደው ለዚህ ነው። ሥራ የሚጠይቅ ሰው «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብሎ ማቆም የለበትም፤ «መሠረታዊው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእርጅናው የበለጠ ዋጋ አለው። በተለይ ከመውጫው በፊት ያሉት ሦስት ዓመታት ሂሳቡን ስለሚወስኑ፣ በዚያ ጊዜ አበል ወደ ደመወዝ እንዲዞር መጠየቅ ተገቢ ነው።

መዋጮው በእርግጥ ገብቶ እንደሆነ ማረጋገጥ የሠራተኛው ፈንታ ነው። አሠሪው ሠራተኛውን አስመዝግቦ የጡረታ መለያ ቁጥር ያወጣለታል። ሠራተኛው በዚያ ቁጥር፣ የግል ድርጅት ከሆነ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ የመንግሥት ከሆነ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ሥራ ሲቀየር ቁጥሩ አይቀየርም፤ ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት የተዛወረ ሰው አገልግሎቱ ተደምሮ ይያዝለታል። ይህ የሚሆነው ግን ማስረጃው ሲኖር ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና መልቀቂያ በአንድ ፋይል ቤት መቀመጥ አለባቸው። ድርጅት ይዘጋል፣ ስም ይቀይራል፣ ፋይል ይጠፋል፤ ከ30 ዓመት በፊት የተሠራበትን መሥሪያ ቤት ፈልጎ ማስረጃ ማውጣት ጡረተኞችን ለወራት የሚያንከራትት ጉዳይ ነው።

ባለመብቱ ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት የጡረታው 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይከፈላል። ጋብቻውና የልጆቹ ልደት በፋይሉ ካልተመዘገበ ተተኪዎቹ መብታቸውን ለማስከበር ፍርድ ቤት መመላለሳቸው አይቀርም።

ከጡረታው በተጨማሪ መቆጠብ

48.75 በመቶ ጡረታ ማለት ከቀድሞው ደመወዝ ከግማሽ በታች በሆነ ገቢ መኖር ማለት ነው። የቀረውን መሙላት ያለበት የግል ቁጠባ ነው።

በቁጠባ ትልቁ ኃይል ጊዜ ነው። በየወሩ 1,000 ብር የሚያስቀምጥ ሰው በዓመት 7 በመቶ ወለድ በየወሩ እየተደመረለት ቢሄድ፣ በ10 ዓመት ወደ 173 ሺህ፣ በ20 ዓመት ወደ 521 ሺህ፣ በ30 ዓመት ወደ 1 ሚሊዮን 220 ሺህ ብር ይኖረዋል። በ30 ዓመቱ ከኪሱ ያወጣው 360 ሺህ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ከመጀመሪያዎቹ ሃያ የበለጠ ያመጡበት ምክንያት ወለዱ ራሱ ወለድ እየወለደ መሄዱ ነው።

7 በመቶ የተወሰደው ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ከፍ ያደረገበት መጠን ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን የኑሮ ውድነቱ ከዚህ በብዙ ርቆ ሄዷል። 100 ብር በባንክ 107 ሲሆን፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው እህል 115 ቢደርስ፣ ቆጣቢው ብሩ ጨምሮ ዕቃው ቀንሶበታል። በ107 ብር የሚገዛው ቀድሞ ከሚገዛው 93 በመቶ ያህሉን ነው። በመሆኑም የረጅም ጊዜ ቁጠባን ሁሉ በተራ የቁጠባ ደብተር ማስቀመጥ አይመከርም። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የሦስት ወር ወጪ በቁጠባ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ ያለውን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ በባንክና በኢንሹራንስ አክሲዮን፣ ወይም በመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ማከፋፈል ይሻላል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጥቅም ቁጠባው ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ስለሚቆረጥ ሳይነካ መጠራቀሙ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ መከፈቱ ደግሞ አክሲዮንን በሕጋዊ ገበያ ለመግዛትና ለመሸጥ በር ከፍቷል። ወለድ ለማይቀበል ሰው ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸው። አክሲዮን ዋጋው ሊወርድ እንደሚችል፣ ትርፍም በየዓመቱ ላይከፈል እንደሚችል አውቆ መግባት ግን ግዴታ ነው።

ዕቁብ በብዙ ቤት ዋናው ቁጠባ ነው። ወለድ የለውም፤ ዲሲፕሊኑ ግን ባንክ የማይሰጠው ነው። ሃያ አባላት በወር 3,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ለአንዱ በየወሩ 60,000 ብር ያወጣል። አምስት ወር ጥሎ ያልወጣለት አባል 15,000 ብር ሀብት አለው፤ ዕቁቡ ለእሱ ያለበት ነው። በአምስተኛው ወር የወጣለት ደግሞ 60,000 ተቀብሎ የጣለው 15,000 ስለሆነ 45,000 ብር ዕዳ አለበት። በእጁ ያለውን 60,000 እንደ ትርፍ ቆጥሮ ለድግስ ያዋለ ሰው ለቀሪዎቹ 15 ወራት የሚከፍለው ያንኑ ዕዳ ነው። የሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሀብት፣ ዕዳ፣ ትርፍ

ማንኛውም የሂሳብ መዝገብ የሚቆመው በአንድ እኩልነት ላይ ነው፦ ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው። ሀብት በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ፣ ዕቃ፣ መሣሪያና ከሌላ ሰው የሚሰበሰብ ዱቤ ነው። ዕዳ ለሌላ ሰው የሚከፈለው ነው። ከሀብቱ ላይ ዕዳው ሲቀነስ የሚቀረው ካፒታል፣ የባለቤቱ ድርሻ ይባላል። እያንዳንዱ ክንውን ቢያንስ ሁለት ቦታ የሚጻፈው ይህ እኩልነት እንዳይዛባ ነው፤ በግራ የሚጻፈው ዴቢት፣ በቀኝ የሚጻፈው ክሬዲት ነው። ባንክ ገንዘብ ሲገባ «ክሬዲት» ብሎ የሚልከው መልእክት ብዙ ሰው ያደናግራል፤ በባለ ገንዘቡ መዝገብ የገባው ብር ሀብት ነውና ዴቢት ነው። ባንኩ የሚጽፈው ግን በራሱ መዝገብ ነው፤ ለእሱ የደንበኛው ተቀማጭ መመለስ ያለበት ዕዳ ስለሆነ ክሬዲት ያደርገዋል።

ትርፍና በመሳቢያ ያለ ገንዘብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዲት የባልትና ሱቅ ባለቤት በ120,000 ብር ሥራ ትጀምራለች። በመጀመሪያው ወር 60,000 ብር የማሸጊያ ማሽን ገዛች፤ የስድስት ወር ኪራይ 48,000 ቅድሚያ ከፈለች፤ የ70,000 ብር በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም አስገባች፤ ለረዳቷ 5,000፣ ለመብራት 1,000 ከፈለች። የሸጠችው 90,000 ብር ነው፤ ከዚህ 12,000 በዱቤ የሄደ ነው። በወሩ መጨረሻ መሳቢያው ውስጥ ያለው 14,000 ብር ብቻ ነው። ከ120,000 ብር 14,000 ቀረ ተብሎ ቢታሰብ ሱቁ የከሰረ ይመስላል።

መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። ገቢው 90,000 ነው፤ ዱቤውም የተሸጠ ስለሆነ ይቆጠራል። ከገባው ዕቃ 15,000 ብር የሚያወጣው መደርደሪያ ላይ ስላለ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 55,000 ነው። ከኪራዩ የዚህ ወር ድርሻ 8,000 ብቻ ነው። ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል ቢባል የወሩ የእርጅና ቅናሽ 1,000 ብር ነው። ደመወዝና መብራት 6,000 ነው። ወጪው በድምሩ 70,000፣ ትርፉ 20,000 ብር ይሆናል። ማረጋገጫው ሀብቱን መቁጠር ነው፦ ጥሬ ገንዘብ 14,000፣ ዱቤ 12,000፣ ዕቃ 15,000፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 40,000፣ ማሽን 59,000፤ ድምሩ 140,000 ብር። ዕዳ የለባትም። መነሻው 120,000 ከ20,000 ትርፍ ጋር ያው 140,000 ነው፤ ሁለቱ ወገን ገጠመ።

ይህች ባለቤት ከመሳቢያው 6,000 ብር ለቤት አስቤዛ ብትወስድ ወጪ ተብሎ አይጻፍም፤ ለግሏ የወሰደችው፣ ካፒታሏን የሚቀንስ ገንዘብ ነው። የቤትና የሱቅ ገንዘብ ሲደባለቅ ሱቁ ያተርፍ ይሁን ይክሰር የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ብዙ ትንንሽ ንግድ የሚዘጋውም ሳይታወቅ ካፒታሉ ስለሚበላ ነው። መድኃኒቱ የተለየ የባንክ ሂሳብና አንድ ደብተር ነው፤ በየቀኑ ማታ ሽያጩ፣ ወጪውና ዱቤው ይጻፍበታል። ወሩ ሲያልቅ ዕቃው ይቆጠራል። ያለ ቆጠራ ትርፍ አይታወቅም።

ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ሆኖ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፤ ግብሩም የሚሰላው ከትርፉ ላይ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ምጣኔ ከደመወዙ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ መደቦቹ በ12 ይባዛሉ፤ ነፃው በዓመት 24,000 ብር ነው። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና አክሲዮን ማኅበር ግን ከትርፋቸው 30 በመቶ ይከፍላሉ። ከ2 ሚሊዮን በታች የሆነው ደረጃ «ለ» ሲሆን ግብሩ ከሽያጩ ላይ ይታሰባል፤ ሽያጩ ከፍ ብሎ ትርፉ ትንሽ የሆነ ሱቅ ያለ መዝገብ ቢሠራ ግብሩ ከካፒታሉ ሊወጣ ይችላልና ለእሱም ደብተሩ የግድ ነው።

ለደረጃ «ሀ» ነጋዴ ደረሰኝ ገንዘብ ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ሰብሳቢው ዘንድ ወጪ ተብሎ አይያዝም። በ35 በመቶ መደብ ያለ ነጋዴ የ10,000 ብር ደረሰኝ ሳይቀበል ቢቀር 3,500 ብር ተጨማሪ ግብር ይከፍላል።

ነጋዴው የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ተመዝጋቢ ከሆነ የሚሰበስበው 15 በመቶ የእሱ ገቢ አይደለም፤ ለመንግሥት እስኪያስገባው ድረስ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ስሌቱም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር በተሸጠ ዕቃ ውስጥ ያለው ቫት 150 ብር ነው፤ 1,150 በ1.15 ተካፍሎ 1,000 ይወጣል። ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የሚያወጣ ሰው 172.50 አስልቶ ከራሱ ገንዘብ ይከፍላል። ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ከሰበሰበው ላይ ስለሚያቀናንስ፣ የግዢ ደረሰኙ እዚህም ዋጋ አለው።

የግብር ዘመኑ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ የዕቃ ቆጠራው ሰኔ 30 ማታ መደረግ አለበት፤ ከሳምንት በኋላ የተቆጠረ ዕቃ የዓመቱን ትርፍ በትክክል አያሳይም። የደረጃ «ለ» ነጋዴ እስከ ነሐሴ 30፣ የደረጃ «ሀ» ነጋዴ ሂሳቡን ዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 አስታውቆ ይከፍላል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ወረፋው ስለሚበዛ፣ መዝገቡ የተሟላለት ሰው በመጀመሪያው ወር ጨርሶ ቢገላገል ይመረጣል።